ሁለቱ ማኅተሞች፦ የቅኝ ግዛት ዘመን የሠራተኛ ማኅበር ዕውቅና እንዴት ይመረመራል

በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የማኅበራችን የምዝገባ የምስክር ወረቀት በመስታወት ውስጥ ሆኖ ከጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ወደ ቢሮው የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው በላዩ ያረፈውን ክብ ማኅተም ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለሥራ አስኪያጁ ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፈን ለአንዱም መልስ አላገኘንም። የደብዳቤ መላኪያ መዝገቡ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። በዘጠኙም መስመር ላይ «ተቀብያለሁ» የሚለው የጸሐፊዋ ፊርማ ይታያል። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን የሚመለከት ነገር ሲኖር የሚያስጠራቸው እርሱ ራሱ ከየክፍሉ የመረጣቸውን አምስት ሽማግሌዎች ነበር። መንግሥት ያውቀናል፤ አሠሪው አያውቀንም።

ጡረታ ወጥቼ አዳዲስ የማኅበር አመራሮችን ማሠልጠን ስጀምር ይህን ልዩነት የሚያሳይ የታሪክ ምሳሌ እፈልግ ነበር። ያገኘሁት በመዳብ ማዕድን አገር፣ በያኔዋ ሰሜን ሮዴዢያ በዛሬዋ ዛምቢያ ነው። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የነበሩ የሠራተኛ ማኅበራትን ታሪክ የማነብበት የራሴ ዘዴ አበጀሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ተማሪዎች፣ በማኅበር የትምህርት ክፍል የምትሠሩ ወይም ታሪክን በጥሞና ማንበብ የምትወዱ ሁሉ እንድትሞክሩት እዚህ አሰፈርኩት። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሁለቱን ቃላት ለዩ

ምዝገባ የመንግሥት ነው፤ ዕውቅና የአሠሪው ነው። የተመዘገበ ማኅበር በሕግ ፊት ሰውነት አለው፤ ገንዘብ ያስቀምጣል፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ ይከስሳል፣ ይከሰሳል። ዕውቅና ያገኘ ማኅበር ደግሞ አሠሪው ከእርሱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ስለ ደመወዝ ሊነጋገር የተስማማ ነው። አንዱ ሌላውን አያስከትልም። የታሪክ ጸሐፊዎች ሳይቀሩ «ማኅበሩ በዚህ ዓመት ዕውቅና አገኘ» ብለው ሲያልፉ አያለሁ። ማን ነው ያወቀው? በምን ጉዳይ? እስከ መቼ? እነዚህን ሳትመልሱ ወደ ሚቀጥለው ገጽ አትለፉ።

አንድ ነጭ ወረቀት ወስዳችሁ ከመሀል እጠፉት። በቀኝ በኩል «መንግሥት»፣ በግራ በኩል «አሠሪ» ብላችሁ ጻፉ። የምታነቡት እያንዳንዱ ድርጊት የግድ በአንዱ በኩል መውደቅ አለበት። በሁለቱም በኩል የሚወድቅ ከመሰላችሁ ገና አልተለየላችሁም ማለት ነውና ተመልሳችሁ አንብቡ።

የመንግሥቱን ዓምድ ከለንደን መጀመር ይሻላል። በመስከረም 17 ቀን 1930 የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትሩ ሎርድ ፓስፊልድ ለየአገረ ገዥዎቹ ሰርኩላር ላኩ። ሹመቱን ከማግኘታቸው በፊት ሲድኒ ዌብ በሚል ስም የሚታወቁ፣ የእንግሊዝን የሠራተኛ ንቅናቄ ታሪክ ያጠኑ ሰው ናቸው። ሰርኩላሩ የሠራተኛ ማኅበር ሕግ እንዲወጣ ያሳስባል፤ በዚያው ብዕር ደግሞ ምዝገባው ግዴታ እንዲሆን ይጠይቃል። ምክንያቱም ሠራተኛው ያለ ጠባቂና ያለ መሪ ቢደራጅ ማኅበሩ ለሌላ ዓላማ በሚጠቀሙበት ሰዎች እጅ ይወድቃል የሚል ስጋት ነበራቸው። ይህን ሰነድ ስታነቡ ፈቃድና ቁጥጥር በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው እንደ መጡ ልብ በሉ። ምዝገባ በቅኝ ግዛት ውስጥ በር መክፈቻም በር መዝጊያም ነበር፤ ቁልፉ ያለው በመዝጋቢው ኪስ ነው።

ሁለተኛው መስመር 1940 ነው። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ የቅኝ ግዛቶች ልማትና ደኅንነት ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ለሥራ ፕሮጀክት ገንዘብ የሚጠይቅ ቅኝ ግዛት ለሠራተኛ ማኅበራት መቋቋምና እንቅስቃሴ ምቹ የሆነ ሕግ እንዳለው መታየት አለበት። ብዙ ቅኝ ግዛቶች በእነዚያ ዓመታት የማኅበራት ሕግ ለማውጣት የተጣደፉት ስለዚህ ነው። ሕጉ ወጣ ማለት ግን ማኅበር ተወለደ ማለት አይደለም።

ከማኅበሩ በፊት ለሠራተኛው ማን ይናገር ነበር?

በእኔ ዘዴ ትልቁ እርምጃ ይህ ነውና እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አሠሪ ባዶ ቦታ አይወድም። ማኅበር በሌለበት ሁሉ የሚያነጋግረው ሰው ያበጃል። ዕውቅና ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚገባችሁ ማኅበሩ ማንን ገፍቶ ወደ ወንበሩ እንደ መጣ ስታውቁ ብቻ ነው።

በሰሜን ሮዴዢያ፣ በሉዋንሺያ ከተማ ሮአን አንቴሎፕ የሚባል የመዳብ ማዕድን ነበረ። በ1931 የሠራተኞቹ ሰፈር አስተዳዳሪ የጎሳ ሽማግሌዎች የሚባል አሠራር ጀመረ። ሠራተኛው ከየአገሩ የመጣ ስለሆነ ከየጎሳው አንድ የተከበረ ሰው ይወከላል፤ ይህ ሰው የባልና ሚስት ጠብ ያስታርቃል፣ የአስተዳደሩን ቃል ለሠራተኛው፣ የሠራተኛውን እሮሮ ለአስተዳደሩ ያደርሳል። ለሰፈር ጠብ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን መሬት ውስጥ ወርዶ የሚቆፍር ሰው የደመወዝ ጥያቄው የጎሳ ጥያቄ አይደለም። ጎኑ ቆሞ የሚቆፍረው የሌላ ጎሳ ሰው ያንኑ ሳንቲም ነው የሚያገኘው።

በግንቦት 1935 በማዕድን ወረዳዎች የነፍስ ወከፍ ግብሩ ከ12 ሺልንግ ከ6 ፔንስ ወደ 15 ሺልንግ ከፍ እንዳለ ተነገረ። በመጀመሪያ የሙፉሊራ፣ ቀጥሎ የንካና፣ በመጨረሻም የሮአን አንቴሎፕ ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በግንቦት 29 ቀን ሉዋንሺያ ላይ ሕዝቡ በሰፈሩ ቢሮ ዙሪያ ተሰበሰበ። አስተዳደሩ ሽማግሌዎቹን ሕዝቡን እንዲያረጋጉ ላካቸው። ሕዝቡ አልሰማቸውም፤ የነጮቹ ወገን ናችሁ ብሎ መለሳቸው። ሽማግሌዎቹም ሸሽተው ፖሊሶቹ ወዳሉበት ወደዚያው ቢሮ ገቡ። ፖሊስ ተኮሰ፤ ስድስት ሰዎች ሞቱ።

ይህን ሥዕል ዓይናችሁ ፊት አቁሙት። ለሠራተኛው ይናገራሉ የተባሉት ሰዎች በችግር ቀን የተገኙት ከቢሮው ግድግዳ በስተ ውስጥ ነው። ስለ ውክልና ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ የለም። እኔም የእኛን ፋብሪካ አምስት ሽማግሌዎች አስታወስኩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዱ የልጄ ክርስትና አባት ናቸው። «ልጄ፣ እኔን የጠራኝ እርሱ ነው፤ እናንተ አልላካችሁኝም፤ ታዲያ ለማን ብዬ ልሟገት?» አሉኝ አንድ ቀን። ከዚያ የበለጠ ትክክለኛ ትርጉም አላገኘሁለትም።

ኩባንያዎቹና መንግሥት ከ1935 ምን ተማሩ? አሠራሩን አላስቀሩትም። በመጋቢት 1940 ነጮቹ የማዕድን ሠራተኞች አድማ መትተው የደመወዝ ጭማሪ አገኙ። ይህን ያዩ አፍሪካውያን ሠራተኞች በንካናና በሙፉሊራ ተከተሉ። ሚያዝያ 3 ቀን ንካና ላይ ያላደሙ ሠራተኞች ደመወዛቸውን ለመቀበል ተሰልፈው ሳለ አድመኞቹ ወደ ቢሮው መጡ፤ ድንጋይ ተወረወረ፤ ወታደሮች ተኮሱ። 17 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ የጎሳ ተወካዮቹ አሠራር ወደ ሌሎቹ ማዕድኖች ተስፋፋ። በ1942 ገደማ ደግሞ የካቦዎች ኮሚቴ ተቋቋመ። ካቦ ያልኩት እኛ አገር እንደምንለው ጥቂት ሠራተኞችን እየመራ የሚያሠራውን ነው። የካቦዎቹ ኮሚቴ ከጎሳ ይልቅ በሥራ ክፍል የተመሠረተ ስለነበር አንድ እርምጃ ወደ ማኅበር የቀረበ ነው። ነገር ግን ካቦ የተራው ሠራተኛ ተመራጭ አይደለም።

በግራ በኩል ባለው ዓምዳችሁ ላይ እነዚህን በቅደም ተከተል ጻፉ፦ 1931 ሽማግሌዎች፣ 1942 ካቦዎች። በመካከላቸው አንድ ሌላ መስመር አስገቡ። በ1936 ነጮቹ የማዕድን ሠራተኞች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1937 ኩባንያዎቹ ዐወቁት። አንድ ዓመት ያህል ነው የፈጀው። ጎናቸው ይሠሩ የነበሩት አፍሪካውያን ተመሳሳዩን ለማግኘት ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ጠበቁ። በቅኝ ግዛት ውስጥ «የአገሪቱ አሠሪዎች ማኅበር አያውቁም ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ካጋጠማችሁ የማንን ማኅበር ብላችሁ ጠይቁ።

ማኅበሩን ያዋለደው ማን እንደሆነ መርምሩ

በ1947 ዊልያም ኮምሪ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ሰሜን ሮዴዢያ ገባ። በአገሩ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ነበር፤ የላከው በለንደን ሥልጣን የያዘው የሌበር ፓርቲ መንግሥት ነው። ሥራው ከማዕድን ከተማ ማዕድን ከተማ እየዞረ ሠራተኞች ማኅበር እንዴት እንደሚያቋቁሙና እንደሚመሩ ማስተማር ነበር። በ1948 የመጀመሪያው የአፍሪካውያን ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍ ንካና ላይ ተቋቋመ። ሙፉሊራ፣ ንቻንጋና ሮአን አንቴሎፕ ተከተሉ። በ1949 መጀመሪያ አራቱ ተዋሕደው አንድ ማኅበር ሆኑ፤ ፕሬዚዳንቱ ሎረንስ ካቲሉንጉ ነው። ከ1940ው የንካና አድማ መሪዎች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ ኩባንያዎቹ የዕውቅናውን ስምምነት ፈረሙ። የማኅበራትና የሥራ ክርክር ሕጉም የወጣው በዚያው በ1949 ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ወጥመድ አለበት። አንደኛው «እንግሊዞች ሰጧቸው» የሚለው ነው። መምህር ተልኮላቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ከ1935ና ከ1940 አስከሬኖች በፊት ማን መምህር ላከ? ሁለተኛው «ማኅበሩ የመንግሥት አሻንጉሊት ነበር» የሚለው ነው። ይህም ቀጥሎ ከሠራው ሥራ ጋር አይገጥምም። መንግሥትና ኩባንያዎቹ አፍሪካውያኑ የራሳቸው የተለየ ማኅበር እንዲኖራቸው የፈለጉበት ምክንያት ነበራቸው። በዚያን ጊዜ የነጮቹ ማኅበር አፍሪካውያንን በሥሩ ለማደራጀት ያስብ ነበርና ሁለቱ ተባብረው እንዲቆሙ አልተፈለገም። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ሠራተኛው የተሰጠውን ዕቃ ለራሱ ሥራ ተጠቀመበት። በማኅበር ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። የእኛንም መተዳደሪያ ደንብ የጻፈልን አንድ የመንግሥት ባለሙያ ነበር፤ በኋላ በዚያው ደንብ ነው የተሟገትነው።

ስምምነቱን እንደ ውል አንብቡት

የዕውቅና ስምምነት እጃችሁ ከገባ ወይም ይዘቱን የሚናገር ዘገባ ካገኛችሁ፣ መግቢያውን ዝለሉት። መግቢያ ሁልጊዜ መልካም ቃል ነው። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ማን ለማን እንደ ፈረመ ነው፤ አንድ ኩባንያ ብቻውን ነው ወይስ የኩባንያዎች ኅብረት? ቀጥሎ ማኅበሩ የሚወክለው ማንን እንደሆነ አያለሁ፤ በፈረቃ የሚከፈለውን ብቻ ነው ወይስ የወር ደመወዝተኛውንም? (ይህች ጥያቄ በመዳቡ አገር ምን እንዳመጣች በኋላ ትመጣለች።) ከዚያ ስለ ምን መነጋገር እንደሚቻል፤ ደመወዝ አለ? የሥራ ዕድገት አለ? ከሥራ መባረር አለ? ከዚያ ካልተስማሙ ወዴት እንደሚሄዱ፤ አስታራቂ፣ የግልግል ዳኛ፣ ወይስ ዝም ብሎ መበተን? በመጨረሻም ውሉ እንዴት እንደሚፈርስ። አሠሪው በደብዳቤ ብቻ ሊያፈርሰው የሚችል ዕውቅና ከኪራይ ቤት አይሻልም።

ከስምምነቱ ጎን ለጎን ደብዳቤዎቹን ተመልከቱ፤ በተለይ የአድራሻውን መስመር። እኛ ዘጠኝ ጊዜ ጽፈን ዝም ከተባልን በኋላ፣ በሦስተኛው ዓመት አንድ ደብዳቤ መጣልን። ሁለት መስመር ነው፤ ስለ ሰርቪስ አውቶቡስ ሰዓት ለውጥ ያሳውቃል። ጉዳዩ ከምንም አይቆጠርም ነበር። ነገር ግን አናቱ ላይ «ለሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር» ይላል። ቀድሞ የሚመጣው ማስታወቂያ ሁሉ «ለሠራተኞች በሙሉ» የሚል ነበር። ሊቀመንበራችን ወረቀቱን ይዞ በየክፍሉ ዞረ፤ ሸማኔዎቹ መኪናቸውን አቁመው አነበቡት። የቅኝ ግዛት ፋይል ስታገላብጡም አድራሻው ከ«ሠራተኞች» ወደ «ፕሬዚዳንት» የተለወጠበትን ቀን ፈልጉ። ከፊርማው ቀን በፊት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ዘግይቶም ሊሆን ይችላል።

ዕውቅናው በክርክር ቀን ይፈተን

ፊርማ ብቻውን አይበቃም። ከፊርማው በኋላ የተነሣውን የመጀመሪያ ትልቅ ክርክር ፈልጋችሁ በወረቀታችሁ በሁለቱም በኩል አስምሩበት።

በመዳቡ አገር ይህ የሆነው በ1952 ነው። በጥቅምት 20 ቀን ከ35,000 በላይ አፍሪካውያን የማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ሦስት ሳምንት ቆዩ። አንድም ሰው አልሞተም። ጉዳዩ ጊልቦ በሚባል የእንግሊዝ ኢኮኖሚስት ግልግል ታየና በጥር 1953 ከፍ ያለ የደመወዝ ጭማሪ ተወሰነ። ሦስቱን አድማዎች በአንድ መስመር ጻፏቸው፦ 1935 ስድስት ሞት፣ 1940 አሥራ ሰባት ሞት፣ 1952 ምንም። በእኔ ግምት ትልቁ ልዩነት አድማውን የጠራው አካል በስም የሚታወቅ፣ ሠራተኛውን የሚያዝና አሠሪው የሚያነጋግረው መሆኑ ነው። ለሠልጣኞቼ ይህን ሳሳይ ቁጥሮቹን ብቻ በሰሌዳው ላይ ጽፌ ዝም እላለሁ።

ከድሉ በኋላ ማኅበሩ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ለሠራተኛው የሚናገር አንድ አካል ነው መኖር ያለበት አለ። ኩባንያዎቹ የጎሳ ተወካዮቹ ይቅሩ የሚለውን አልወደዱትም፤ ሠራተኛው ራሱ ይፈልጋቸዋል የሚል እምነት ነበራቸው። ስለዚህ በ1953 በምሥጢር ድምፅ ተሰጠ። ድምፅ ከሰጡት 97 ከመቶ የሚሆኑት አሠራሩ እንዲቀር ፈለጉ። አስቡት፤ ሰዎቹ ጎሳቸውን አልካዱም፤ በሠርግና በለቅሶ ሽማግሌያቸውን ያከብራሉ። የፈለጉት በደመወዝ ጉዳይ የሚናገርላቸውን ራሳቸው መምረጥ ነው። ይህን ውጤት በግራው ዓምድ በትልቁ ጻፉት። ለእኔ እውነተኛው የዕውቅና ቀን ከነሐሴ 1949 ይልቅ ይህ ነው፤ የማትስማሙ ብትኖሩ ደግሞ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ ተከራከሩኝ።

ሁለተኛውን ማኅበር ፈልጉ

አሠሪ ዕውቅና ከሰጠ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ሲያስቸግረው ሌላ መንገድ አለው፤ አጠገቡ ሌላ ማኅበር ማወቅ። በ1953 በወር ደመወዝ የሚሠሩትና ከፍ ያለ የሥራ ደረጃ ያላቸው አፍሪካውያን የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1955 መጀመሪያ የማዕድን ሠራተኞቹ ማኅበር 58 ቀን የፈጀ አድማ አደረገ፤ ማኅበሩ እጅግ የደከመበት ነው። በዚያው ዓመት ኩባንያዎቹ ለወር ደመወዝተኞቹ ማኅበር ዕውቅና ሰጡ። ከዚያ በኋላ ካቦዎችና ጸሐፊዎች፣ ማለትም ቃለ ጉባኤ የሚጽፉት፣ ሒሳብ የሚይዙት፣ እንግሊዝኛ የሚያውቁት ሰዎች በአብዛኛው ወደዚያ እንዲያልፉ ሆነ። በስምምነት ውስጥ «ማኅበሩ ማንን ይወክላል» የሚለውን ጥያቄ አጥብቄ የያዝኩት ስለዚህ ነው። ብዕር የሚይዘውን ሰው ከማኅበር ስታወጡት ማኅበሩ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩና።

በ1956 የተከተለው አድማ በተለያዩ ማዕድኖች እየተቀባበለ የሚፈነዳ ነበር። አንዱ ምክንያት ይኸው የወር ደመወዝተኞች ጉዳይ ነው። ሌላው ከምድር በታች የሚሠሩ ሰዎች እንዲለብሱት የታዘዘው የእግር መከላከያ ነበር፤ ሠራተኞቹ አንለብስም አሉ። ከሩቅ ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሳይጠየቅ የታዘዘ ሰው ግን የሚቆጣው በዕቃው አይደለም። በመስከረም መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጀ፤ ዋና ጸሐፊውን ማቲው ንኮሎማን ጨምሮ ብዙ መሪዎች ታሰሩ። ካቲሉንጉ በዚያን ጊዜ ከአገር ውጭ ነበር። ዕውቅናውን የሰጠው አሠሪው ነው፤ መሪዎቹን የወሰደው መንግሥት ነው። ከመሀል የታጠፈው ወረቀት ጥቅሙ እዚህ ይታያል፤ ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን ስታዩ አንዱ የሰጠውን ሌላው ሲያነሣ ታገኙታላችሁ።

በተቃራኒው አገር አመሳክሩ

አንድ አገር ብቻ አይበቃም። እኔ ኬንያን የመረጥኩት የበሩ ሌላኛው ወገን ስለሚታይበት ነው። ማካን ሲንግ በፑንጃብ ተወልዶ በልጅነቱ ናይሮቢ የገባ ነው። በ1935 የኬንያ የሠራተኞች ማኅበርን አደራጀ፤ በ1937 በናይሮቢ ወደ ሁለት ወር በፈጀ አድማ የደመወዝ ጭማሪ አስገኘ። በዚያው ዓመት የማኅበራት ሕግ ወጣ፤ ማኅበሩም ተመዘገበ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ከመዳቡ አገር በተለየ አሠሪው የተገደደው በአድማ ነው፤ ምዝገባውም የመጣው ከአድማው በኋላ ነው።

በ1949 ማካን ሲንግ ከፍሬድ ኩባይ ጋር ሆኖ የምሥራቅ አፍሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስን አቋቋመ። መንግሥት አልመዘግብም አለ። በሚያዝያ 1950 ካሎሌኒ አዳራሽ በተደረገ ስብሰባ ማካን ሲንግ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቶች ሙሉ ነጻነት ይሰጣቸው አለ። በግንቦት 15 ቀን ሁለቱም ተያዙ፤ ናይሮቢ ለዘጠኝ ቀን ያህል ሥራ አቆመች። ማካን ሲንግ የተፈታው በ1961 ነው፤ ከ11 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። የፓስፊልድ ሰርኩላር ላይ ያየነው ቁልፍ በመዝጋቢው ኪስ ውስጥ እንዴት እንደ ዋለ ይህ ያሳያችኋል። በኬንያ አሠሪዎች፣ ማኅበራትና መንግሥት ዕውቅና በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ የተስማሙበት የኢንዱስትሪ ግንኙነት ቻርተር የተፈረመው በ1962 ነው፤ ነጻነት ከመምጣቱ አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ።

ሰነዱ የት ይገኛል?

በለንደን ኪው የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴርን ፋይሎች በ«ሲ ኦ» ምልክት ይዟል። ሰሜን ሮዴዢያ ሲ ኦ 795 ነው፤ በኋላ ደግሞ የመካከለኛው አፍሪካ ፋይሎች ሲ ኦ 1015 ናቸው፤ ኬንያ ሲ ኦ 533። በሉሳካና በናይሮቢ ያሉት ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የአገሬውን መሥሪያ ቤት ወረቀት ይዘዋል። ጉዞው ለማይቻላችሁ ከ1935ና ከ1940 አድማዎች በኋላ የተቋቋሙት የምርመራ ኮሚሽኖች ዘገባ ታትሟልና ከዚያ ጀምሩ። ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ኮሚሽን የሚጽፈው የጠየቃቸውን ሰዎች ቃል ነው። ከሠራተኞቹ ማን እንደ ተጠየቀና በማን አስተርጓሚነት እንደ ተናገረ ሳታዩ ቃሉን የሠራተኛው ቃል አድርጋችሁ አትጥቀሱ።

የመንግሥት ዘገባ የማኅበር ቁጥር ሲሰጣችሁ አባላቱን ከጠቅላላው ሠራተኛ ጋር አስተያዩ፤ መዋጮ የከፈለውንና ስሙ ብቻ የተጻፈውን ለዩ። እኔ ጸሐፊ ሳለሁ የአባልነት ቅጽ የሞላው ብዙ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ ሦስት ብር የሚያመጣው ከእርሱ እጅግ ያነሰ ነው። መዝገቡን ይዤ በፈረቃ መውጫ ሰዓት በሩ ላይ የቆምኩባቸው ቀናት ስለ ማኅበር ጥንካሬ ያስተማሩኝን ማንም ኮሚሽን አልነገረኝም።

በመጨረሻ፣ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ጠይቁ። የምታጠኑት የሩቅ አገር ቢሆንም በቅርባችሁ ካለ አንድ አሮጌ ፋብሪካ ጀምሩ፤ ጥያቄ ማቅረብ ትማራላችሁ። «ማኅበሩ መቼ ዕውቅና አገኘ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሚመልሱላችሁ በወረቀት ላይ ያነበቡትን ነው። «ማኅበር ሳይኖር ደመወዝዎ ሲጎድል ወደ ማን ይሄዱ ነበር?» በሉ። ይህን የጠየቅኳቸው አንዲት የቀድሞ ፈታይ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ የተጠጋ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ትንሽ አሰቡና «ወደ ካቦው ሚስት» አሉኝ። «እንቁላል ይዤ። እርሷ ለባሏ ትነግርልኛለች፤ ባሏ ለፈረንጁ ይነግርልኛል።» ከዚያ ጣታቸውን እየቆጠሩ የትኛው ወር ስንት እንቁላል እንደ ወሰዱ ነገሩኝ፤ እኔም መዝገቤ ላይ በ«አሠሪ» ዓምድ ሥር ጻፍኩት።